ቱሳ ቢላዋውን አልወሰደም

በአሩሲ ጠቅላይ ግዛት፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በአሰላ ከተማ ነዋሪ የሆንኩ እኔ ባለእጅ ሣህሌ ደስታ፣ ረቡዕ መጋቢት 12 ቀን 1954 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከታች ስማቸው በተጻፈው አራት ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን ሰጠሁ። ዕድሜዬ ስድሳ ነው። የከሰል ጢስ ሳንባዬን በልቶታል፤ አልጋ ላይ ከዋልኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። አእምሮዬ ግን አልተነካም፤ ያስገደደኝም ያባበለኝም የለም። ጸሐፊው አቶ ገብረ መድህን የምለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲጽፍ፣ በዚህ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው የሚናገረውም ቢኖር እንዲመዘግብ አዝዣለሁ።

ልጅ አልወለድኩም። ወራሾቼ ሚስቴ ተሻለችና አባታችን ሲሞት በስድስት ዓመቱ ተቀብዬ ያሳደግሁት ታናሽ ወንድሜ ፈቃደ ናቸው። ሁለቱም እዚህ አሉ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው ወይዘሮ ሻሾ ከዲክሲስ አስጠርቻት የመጣች ናት፤ ለምን እንደጠራኋት ገና አታውቅም።

አንደኛ። ይህ የተኛሁበት ቤት ከነዕቃው ለተሻለች ይሁን። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢላዋ ስሠራ ኖሬ ለእርሷ የሠራሁላት አንድ ብቻ ነው። እርሱንም ሽንኩርት ስትከትፍበት፣ ጎመን ስትቀረድድበት፣ በድንጋይ ስትስለው ስፋቱ የጣት ያህል ሆኗል። ሌላ ልሥራልሽ ባልኳት ቁጥር «ይኼ እጄን ለምዷል» ትለኛለች። እኔ ቢላዋ ሠሪ ነኝ እንጂ ቢላዋ የሚያውቅ ሰው ካለ እርሷ ናት። ዘመድ ነኝ ባይ ማንም ከቤቷ እንዳያስወጣት።

ሁለተኛ። ትልቁን ካራ ለሥጋ ሻጩ ለአቶ አብዶ እሰጣለሁ። እንደ አብዶ ሥራዬን የሚመረምር ደንበኛ አልገጠመኝም። ስለቱን በጥፍሩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስኬደዋል፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል ሽርፍ ያለ ቦታ ካገኘ «ሣህሌ፣ ይኼ ከብቱን ያሰቃያል» ብሎ ይመልስልኝ ነበር። አብዶ ለበሬ የራራውን ያህል እኔ ለሰው አልራራሁም። ይህን ያልኩበትን ወደ ፊት እናገራለሁ።

ሦስተኛ። መስፉን፣ ወናፉን፣ መዶሻዎቹንና ጉጠቶቹን ለፈቃደ አልሰጥም። ተሸጠው ለቀብሬና ለተዝካሬ ይሁኑ። ቅር እንደሚለው አውቃለሁ፤ ምክንያቱን ይስማ። ወደ ደጄ የሚመጣው ሰው ከሁለት አንዱ ነበር። አንደኛው ቢላዋውን የሚሠራበት ነው። ገመድ ይቆርጥበታል፣ የፈረሱን ኮቴ ይጠርብበታል፣ ሲዶለዱም ያመጣዋል፤ መልኩ አያስጨንቀውም። ሁለተኛው የሚታጠቀው ነው። ሰገባው ቀይ ቆዳ፣ እጀታው የጎሽ ቀንድ እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ ዳቦ እንኳ ቆርሶበት አያውቅም። ፈቃደ ከሁለተኞቹ ወገን ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሰው ቢላዋ ከግድግዳው እያወረደ ይወለውል ነበር። «ጋሼ፣ ይኼ እንዴት ያምራል» ሲለኝ ሥራዬን ያደነቀልኝ እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ልከለክለው ሲገባኝ አልከለከልኩትም።

አራተኛ። ይህን ቀስ ብለህ ጻፍ፣ አቶ ገብረ መድህን።

ቱሳ የወይዘሮ ሻሾ ባል ነበር፤ በዲክሲስ ገብስ ያርስ ነበር። እኛን ብረት ቀጥቃጮችን ሰው ቡዳ ስለሚለን ከቤታችን እህል የሚቀምስ የለም። ቱሳ ግን ገበያ በወጣ ቁጥር እዚህ ገብቶ ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ ይበላ ነበር። በኅዳር 1947 የቢላዋው እጀታ ተሰንጥቆበት እንድጠግንለት ትቶልኝ ሄደ። አዲስ የቀንድ እጀታ አግብቼለት ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ፈቃደ አየው።

«ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ ልታጠቀው» አለኝ።

«የሰው ነው» አልኩት።

«እመልሰዋለሁ» አለ። ዝም አልኩ።

በዚያ ቀን ፈቃደ ጠጅ ቤት ገባ። አስናቀ የሚባል ከአቦምሳ የመጣ የበቅሎ ነጋዴ ምግቡን በጋቢው ከልሎ «ቡዳ እያየኝ አልጎርስም» አለ። ሰው ሳቀ። ፈቃደ ተነሥቶ ወጣ። አመሻሽ ላይ አስናቀ ወደ ማደሪያው ሲመለስ ከወንዙ ማዶ ጠብቆ ወጋው። ቢላዋው ከሬሳው ሳይነቀል ተገኘ።

ፈቃደ ቤት ሲገባ ወገቡ ባዶ ነበር። «የት አደረስከው?» አልኩት። «እዚያው ቀረ፣ ጋሼ» አለኝ። እጁን ያስታጠብኩት እኔ ነኝ።

ፖሊሶች ቢላዋውን ይዘው መጡና የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የቱሳ ነው አልኩ፤ እስከዚያ ድረስ እውነት ነበር። በፍርድ ቤት ግን ቱሳ «ለሣህሌ እንዲጠግንልኝ ሰጥቼው ነበር» ብሎ በአስተርጓሚ ተናገረ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው «እንደሚለው በአንተ እጅ ነበር?» አሉኝ። እኔም መስቀል ጨብጬ በማልሁበት አፌ «ሐሙስ ዕለት መጥቶ ወስዷል» አልኩ።

ውሸቴን ነው። ቱሳ ቢላዋውን አልወሰደም።

ቱሳ እጁ እንደታሰረ ተመለከተኝና በቋንቋው «ሣህሌ፣ ዱጋ ዱበዱ» አለኝ። እውነቱን ተናገር ማለቱ ነው። ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። መሬት መሬት አየሁ። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በሁለተኛው ክረምት እስር ቤት ውስጥ በተስቦ ሞተ። የሻሾ ከብቶችም ለአስናቀ የደም ካሳ ተነዱ።

እዚህ ላይ ፈቃደ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ጋሼ፣ ትኩሳቱ ነው የሚያናግርዎት። አቶ ገብረ መድህን፣ ይኼን አይጻፉ» አለ።

«ትኩሳት የለብኝም። ና፣ ግንባሬን ዳስሰኝ» አልኩት። አልመጣም። ተሻለች ተነሥታ ዳሰሰችኝና «ቀዝቃዛ ነው፤ ይጻፍ» አለች። ሰባት ዓመት ከጎኔ ተኝታ ይህን ከእኔ አልሰማችም ነበር።

አምስተኛ። በዲክሲስ መንገድ ያለኝን የገብስ እርሻና ሁለቱን በሬዎች ለወይዘሮ ሻሾ እሰጣለሁ። ስጦታ ብላችሁ እንዳትጽፉት። ይቅርታም ለመንኳት። የመለሰችልኝ ቃል እንዲህ ነው፦

«በሬዎቹን እወስዳለሁ፤ ልጆቼ በሰው በሬ ሲያርሱ ኖረዋል። መሬቱንም እወስዳለሁ። ይቅር የሚልዎት ቱሳ ግን የለም፤ እኔ በእርሱ ፋንታ ምን ብዬ ልስጥዎት?» ቀጥላም «ይኼ ወረቀት መቼ ነው የሚነበበው?» አለችኝ።

«በሞትኩ በአርባኛው ቀን፣ እዚሁ ቤት» አልኳት።

«ቱሳን አስረው የነዱት በገበያው መሃል ነው። ልጆቼንም የነፍሰ ገዳይ ልጆች የሚላቸው ገበያው ነው። እዚያ ይነበብ። እኛ በምንሰማው ቋንቋም ይነገር።»

ስለዚህ የአርባውን ቀን ሽሬ፣ ብኖርም ብሞትም በፊታችን ቅዳሜ በገበያው እንዲነበብ አዝዣለሁ። በሕይወት ካለሁ በአልጋ ተሸክማችሁ ውሰዱኝ።

ስድስተኛ። ለፈቃደ የምተወው ምክር ብቻ ነው። ወንድሜ ሆይ፣ ያዳንኩህ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ሌሊት ሙሉ እንዳልተኛህ በመካከላችን ያለው ግድግዳ እየነገረኝ ኖሬአለሁ። እስከ ቅዳሜ መሸሽ ትችላለህ፤ የምትሸሽበትን ስንቅ ግን ከዚህ ቤት አትጠብቅ። ከቆምክ ተሻለች እስር ቤት ድረስ ምግብ ታመላልስልሃለች፤ ጠይቄያት እሺ ብላለች።



ይህ ቃል በእኔና በምስክሮቹ ፊት ከዳር እስከ ዳር ተነብቦ፣ ያልኩት ሁሉ በትክክል ስለተጻፈ፣ ከዚህ በፊት የተናዘዝኩት ቢገኝ ፈርሶ ይህ እንዲጸና በጣቴ አትሜአለሁ።

ባለእጅ ሣህሌ ደስታ (የጣት አሻራ)

ሲናዘዝ ሰምተን፣ ሲነበብለትም አብረን ሆነን የፈረምን ምስክሮች፦
መምሬ ተክለወልድ ኃይሌ፣ የነፍስ አባት (ፊርማ)
አቶ ረዲ ሙደሲር፣ ባለሱቅ (ፊርማ)
አቶ ከዲሮ ቡሊ፣ ጎረቤት (የጣት አሻራ)
ወይዘሮ አሰፋሽ ወልዴ፣ ጎረቤት (የጣት አሻራ)

የጸሐፊው ማረጋገጫ። ባለእጅ ሣህሌ ዓርብ መጋቢት 14 ቀን ረፋዱ ላይ ዐረፈ። ቅዳሜ ከቀብር መልስ ኑዛዜውን በአሰላ ገበያ ማንበብ ጀመርኩ። አራተኛው ቃል ላይ ስደርስ ሕዝቡ ስለተንጫጫ ድምፄ አልሰማ አለ። ፈቃደ ከወይዘሮ ተሻለች አጠገብ ቆሞ ነበር። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ ከዚያው ቀጥሎ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያም ወይዘሮ ሻሾ ከልጆቿ ጋር ወደ ቆመችበት ዞሮ ሁሉንም በኦሮምኛ ተናገረው። ቱሳ እንዳልገደለ፣ የገደለው እርሱ ራሱ እንደሆነ ሲናገር ከዲክሲስ የመጡ አንድ ሽማግሌ «ድገመው» አሉት። ደገመው። ፖሊሶቹ እስኪጨርስ ጠበቁት።

ገብረ መድህን አየለ፣ ጸሐፊ (ፊርማ)