«ዱካ» ያልኩት ሱቁን ነበር

ሰኞ፣ መጋቢት 4 ቀን 98 ዓ.ም.
ደብተሬ፣ ዛሬም ክስ አለኝ። የኢንተርኔት ቤቱ ወንበር አንድ እግሩ ያጥራል። ሁለት መስመር ሳነብ ሦስቴ ተወዛወዝኩ። ባለቤቱ፣ ግመል የለመደ ሰው ይህ ምን ይለዋል ብሎ አላገጠብኝ።
ሰው ግጥሙን የሚለጥፍበትን የኢንተርኔት ገጽ አሳትሜ ለሰናይት ወሰድኩላት። የእህቴ ልጅ ናት። እናቷን ከቀበርን ሦስት ወር፣ ከግቢ አልወጣችም። ማስተማሯንም ተወች። ሐኪሟ ከመድኃኒቱ ጋር የምትወደውን ነገር ፈልጉላት ብሏል። ግጥም ትወድ ነበር። አነበበች። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ።

ሐሙስ 7፣ ከሰ. በኋላ
ዛሬም ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። ተንኮል አሰብኩ። አስተማሪ ስህተት አይቶ አያልፍም። እኔ ጎማ ጠጋኙ ገጹ ላይ ግጥም ጻፍኩ፤ በላቲን ፊደል፣ በአንድ ጣት፣ «ትዕግሥት ከአዲስ አበባ» በሚል ስም።
ዱካህ ተዘጋ፣ ቁልፉም ጠፋ፣
ልቤ እንደ ጎማ ተነፋ።

ሰኞ 11
ሳቄን የት ልደብቀው። አንባቢዎች በግጥሜ ተጣልተዋል። እኛ ሞያሌዎች ዱካ ስንል ሱቅ ነው፣ ስዋሂሊው ለምዶብን። እነሱ የእግር ዱካ መስሏቸዋል። አንዱማ የሄደ ሰው ዱካ በቁልፍ መዘጋቱ ጥልቅ ነው ብሎ ግማሽ ገጽ ተንትኗል።
አሳትሜ ወሰድኩላት። አንብባ ቀና አለች። ይቺ ትዕግሥት የሞያሌ ልጅ ናት አለችኝ። ደግሞ ያዘነ ልብ ይተነፍሳል እንጂ አይነፋም፣ ጎማ ጠጋኝ ይህን ያጣዋል? አለችኝ። ተያዝኩ። ሳቀች፣ ደብተሬ። ጥርሷን አየሁ።
ከዚያ እርሳስ አንስታ በወረቀቱ ጀርባ ስለ እናቷ ስምንት መስመር ጻፈች። ለጥፍልኝ አለች።

ረቡዕ 13
ለጠፍኩ። መልስ መጣ፤ እናቷን ያጣች አንዲት ሴት፣ አንብቤ አልቅሼ ቀለለኝ ትላለች። ከነግጥሙ አሳትሜ ወሰድኩላት። ሰናይት አምስቴ አነበበችው። ነገ አብረን ሄደን ራስሽ መልሺላት አልኳት። እግሬ እምቢ ይለኛል አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቸኮልኩ መሰለኝ።

ቅዳሜ 16፣ ከጠ. 4 ሰዓት
ወሰንኩ። አልጎተጉታትም። ወረቀት አመላልሳለሁ፣ ዓመትም ቢፈጅ።
በር ተንኳኳ። ጎማ የፈነዳበት ሾፌር ይሆናል።
ሾፌር አይደለም። ሰናይት ናት። ጫማ አድርጋለች፣ ወረቀቷን ይዛለች። «ጋሼ፣ ‹ሐዘኔ አብሮኝ ያድራል› ያልኩትን ‹ሐሰኔ አብሮኝ ያድራል› ብለህ ለጥፈህብኛል። ሰው ሐሰን ማነው ሳይለኝ ተነስ፣ ራሴ ላርመው።»
በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ልነሳ።