እጅህን መሪው ላይ አድርግ

ጎንደር፣ ጥር 2010

ምንዳዬ፣

እዚያ ውጭ አገር ራሷን በምትነዳ ማኪና ውስጥ ተቀምጠን፣ እንዳትሳሳት ስንጠብቃት ከርመን ምን እንደሆንን ልንገርህ። ትናንት አጎቴ ዐብዱልከሪም የሚኒባሱን ቁልፍ ሰጠኝና ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጣን። እኔ እንደ ሥራችን ልማድ እጄን ከመሪው በላይ አንሳፍፌ፣ ያየሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ፣ «በግ በቀኝ፣ ጋሪ ከፊት» እላለሁ። አጎቴ የእጅ ፍሬኑን ጨበጠ።

«ምነው፣ መሪው ያቃጥላል እንዴ? ካልቻልክ ቁልፌን መልስ።»

ታክሲ ስነዳ በኖርኩበት በገዛ አገሬ ይህን ሰማሁ።

አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ነበር፤ መንገዱን ሰውና አህያ ሞልቶታል። ያች ራሷን ነጂዋ የእኛ ማኪና ብትሆን ገበያው እስኪበተን ተገትራ ትቀር ነበር። እኛ መሪውን ስንይዝ ደግሞ የሠሯት መሐንዲሶች «ለምን ነካችሁ?» ብለው ያፋጥጡናል። እኔ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ «እናቴ እንዴት ዋልሽ፣ ገበያው ሸጋ ነው? እስቲ አህያዋን ሳብ አርጊልኝ» አልኩ።

«ምላስህ ከማኪናህ ይፈጥናል፣ እለፍ» አለችኝ ሴትዮዋ። እንዲህ እየተሰደብኩ፣ እየተመረቅሁ ገበያውን ጨረስኩት።

ስንመለስ ወደ አጎቴ ዞር ብዬ ባይ እጁ ከፍሬኑ ወርዷል፣ ያንኮራፋል። እስከ ጎንደር አልነቃም።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን ትዕግስትንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ በርበሬያችሁን ይዣለሁ። መሐንዲሶቹንም ሰላም በልልኝና ጠይቅልኝ፦ እዚያች ማኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ አምኗት እንቅልፍ የወሰደው ሰው ያውቃሉ?

ሳሊም