ሃሩካ የሚለው ስሜ

ደክዋኔ፣ ቤይሩት፣ ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ እማዬ፣

እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። በስልክ ስታናግሪኝ "እሺ" እና "ደህና ነኝ" ብቻ እንደምል ታውቂያለሽ። አሁን የምጽፍልሽ ባለፈው እሑድ ያልኩሽን "እሺ" መልሼ ልወስደው ነው። ከአፌ ወጣ እንጂ ከልቤ አልነበረም።

እትዬ መቅዲ የነገረችሽ ግማሹን ነው። ጸሎቱ ሲያበቃ ፓስተር ዘገየ "እናቷ አጠገቧ የሌለች ልጅ ወደዚህ ትምጣ" አሉ። እትዬ መቅዲ በክርኗ ጎሸመችኝ። ወጣሁ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

"ስምሽ ማነው የኔ ልጅ?"

"ሃሩካ።"

"ማ?"

"ሃሩካ። የጃፓን ስም ነው።"

"ትርጉሙስ?"

መዋሸት አልቻልኩም። እግሬን እያየሁ "ሩቅ" አልኩ። ማይክሮፎኑን አፌ ስር ይዘውት ስለነበር ቃሉ አዳራሹን ሞላው። ሰው ሁሉ "ኢየሱስ! ኢየሱስ!" አለ።

"እናትሽ የት ናት?"

"ኢትዮጵያ።"

"አያችሁ ቅዱሳን? አያችሁ? እናትና ልጅን የለያየው ይህ ስም ነው!"

ስሙ ከተለወጠ እንደምትመጪ ጌታ አሳይቶኛል አሉ። ነገ በጉባኤው ፊት "ኢየሩሳሌም" ብለው ሊጠሩኝ፣ እኔም ተነስቼ "አቤት" ልል ተወሰነ። ማንም አልጠየቀኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ ቫን ውስጥ ቀፀላ፣ ታውቂያት የለ አፏ አያርፍም፣ አረብኛ እየቀላቀለች "ያኒ፣ 'ቅርብ' ብንላት ሂሩት ዛሬውኑ ዶራ አደባባይ ላይ ትወርዳለች? ኸላስ፣ የአውሮፕላን ቲኬት ቀረልን በያ!" አለች።

"በመንፈስ ቅዱስ አትቀልጂ አንቺ!"

"እኔ የቀለድኩት በቲኬቱ ነው፣ መቅዲዬ።"

ልስቅ ነበር። ግን ቤት ስንደርስ እትዬ መቅዲ ደወለችልሽና ድምፅሽን ከፍ አድርጋ አሰማችን። ፓስተሩ ያሉትን ነገረችሽ። ከዚያ "ጥፋቱ የኔ ነው። ልጄን በገዛ አፌ አራቅኳት። ይለወጥ" ብለሽ አለቀስሽ። "እሺ በይኝ የኔ ልጅ" ስትይኝ እሺ አልኩ።

እማዬ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ፀጉሬን ስትሠሪኝ ያወራሽኝን የረሳሽው መሰለኝ። እኔ አልረሳሁም።

የመጀመሪያዋ ማዳምሽ "ሮዛ" ትልሽ ነበር። ካንቺ በፊት የነበረችውን ሠራተኛም ሮዛ ነበር የምትላት፤ ሽርጡን ስታስረክብሽ ስሙንም አብራ አስረከበችሽ። ከዚያ ቤት ወጥተሽ ፋናር ሠፈር ለአንዲት ጃፓናዊት አስተማሪ ማጽዳት ስትጀምሪ፣ ስምሽን ብትጠይቅሽ ልማድ ሆኖብሽ "ሮዛ" አልሻት። "እናትሽ ያወጣችልሽ ስም ነው?" ብላ ጠየቀችሽ። "አይደለም፣ ሂሩት ነኝ" አልሽ። ምላሷ አልታዘዝ ብሏት "ሂሩቶ" ስትል፣ አንቺ እየሳቅሽ "አይደለም፣ ሂሩት" ስትያት፣ ሳህን እያጠባችሁ ስትደጋግሙት ዋላችሁ። ሲሳካላት ሁለታችሁም አጨበጨባችሁ። በቤይሩት ከተማ በስምሽ የጠራችሽ የመጀመሪያዋ ማዳም እሷ ናት። ሃሩካ።

ትርጉሙን ስትጠይቂያት "ሩቅ" አለችሽ። አባቷ ሩቅ የምታይ ልጅ እንድትሆንለት ብሎ ነው። ሌሎች ደግሞ ይህንኑ ስም ጸደይና መዓዛ በሚሉ ፊደሎች ይጽፉታል አለችሽ። በእሷ ዕድሜ ስሙ ያልገባበት ቤት ስለሌለ፣ አስተማሪያቸው "ሃሩካ" ብሎ ሲጣራ ከየወንበሩ ብዙ ልጆች ብድግ ይሉ ነበር። ይህን ስትነግሪኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አታውቂም። እዚህ ሠፈር "ቻይና" እያሉ ሲስቁብኝ፣ እዚያ ስሜን ተሸክመው ብድግ የሚሉትን ልጆች ነበር የማስበው።

አሁንም እነሱን አስባለሁ። ያ ሁሉ ሃሩካ ከእናቷ ተለይታለች? እናታቸው ምሳ ቋጥራላቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱ፣ ሲመለሱ በሩን እናታቸው የምትከፍትላቸው ልጆች ናቸው። ስሙ የሚያራርቅ ቢሆን ኖሮ በዚያ አገር እናትና ልጅ አንድ ቤት ባልተገኙ ነበር።

ዶራ ላይ ከቫን ያወረዱሽ ፖሊሶች የጠየቁሽ ኢቃማሽን ነው። የመኖሪያ ወረቀትሽ ጊዜው አልፎ ነበር፤ እኔም ከተወለድኩ ጀምሮ ወረቀት የሚባል ነገር የለኝም። ለዚህ ነው አንቺ ወደ አገር ቤት የተባረርሽው፣ እኔ እዚህ የቀረሁት። ልጅሽ ማን ትባላለች ያለሽ አልነበረም።

የእትዬ መቅዲ ልጅ ፋኑኤል ይባላል። ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣ ስም ነው። አገር ቤት ከአያቱ ጋር ነው የሚያድገው፤ እሷ ጥላው ስትመጣ ገና እየዳኸ ነበር። ታዲያ እሱን ከእናቱ ማን አራቀው? ይህን በፊቷ አልናገርም፤ ቤቷ ስላስጠጋችኝም ስለምታዝንልኝም አልናገርም። ለአንቺ ግን እናገራለሁ።

እፈራለሁ፣ እማዬ። እምቢ ብዬ አንቺ ሳትመጪ ብትቀሪ፣ "በልጅቷ ግትርነት ነው" ይላሉ። ይበሉ። አንቺ ግን እንዲህ እንዳትዪ። አንቺን ሮዛ ሲሉሽ የምትመለሺበት ፓስፖርት፣ የምትተዳደሪበት ሥራ በእጃቸው ስለነበር ዝም አልሽ። እኔ ምን አለኝ የሚወስዱብኝ? ያለኝ ስሜ ነው፤ የሰጠሽኝም እሱን ነው። ኢየሩሳሌም ያምራል፤ ለሌላ ልጅ ይሁን።

ነገ ወደ አዳራሹ እሄዳለሁ። ፓስተር ዘገየ ስላንቺ መምጣት ሲጸልዩ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ አሜን እላለሁ። "ኢየሩሳሌም" ብለው ሲጣሩ ግን አልነሳም። እትዬ መቅዲ ብትጎሽመኝም፣ ጉባኤው ሁሉ ዞሮ ቢያየኝም አልነሳም። ለምን ካሉኝ፣ በማይክሮፎኑ "የጠሩት እኔን አይደለም" እላቸዋለሁ።

ልጅሽ
ሃሩካ ሂሩት