የአንድ ሰዓት ከሩብ መንገድ

ለተከበሩ ጓድ ወጋየሁ፣ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር
ሀና ማርያም፣ ሰኔ 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንዳለፈው ወር ሁሉ ያልተረበሸ ይሁን እያልኩ አክብሮቴን አቀርባለሁ። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ጤፍ የማርሰው ሮበሌ ዱጉማ ነኝ። ደጅዎን ብዙ ስለጠናሁ መልኬን እንደማይረሱት ተስፋ አደርጋለሁ።

ግንቦት 5 ቀን ከአስመራ ቴሌግራም ደረሰን። እዚያ በመምህርነት የተመደበችው ልጃችን ቡዜ ሴት ልጅ ወልዳ ደሟ አልቆም ስላለ፣ ባሏ አስረስ እናቷን ቶሎ እንድንልክለት ይለምናል። ባለቤቴ ጫልቱ ያንኑ ዕለት ጓዟን ቋጠረች። የአውሮፕላን ቲኬት የሚቆርጠው ሰው፣ ከቦሌ አስመራ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በአንድ ሰዓት ከሩብ እንደሚደረስ፣ ለማግስቱም ቦታ እንዳለ ነገረን። የጎደለን የእርስዎ የይለፍ ወረቀት ብቻ ነበር።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ/ በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ በማግስቱም ስለ ስብሰባው ሌላ ስብሰባ ስለነበረብዎ፣ ጫልቱ ከጽሕፈት ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጣ እንድትውል ስለፈቀዱላት አመሰግናለሁ።

፪ኛ/ በአራተኛው ቀን ቴሌግራሙን አንብበው፣ ጫልቱ የቡዜ እናት ለመሆኗ ሦስት ምስክር ይቅረብ አሉ። በቡዜ ሠርግ ላይ ከጫልቱ እጅ በልተው ጠጥተዋል፤ ሆኖም ሥራና ጉርብትናን አለማደባለቅዎ የሚያስመሰግን ነው። ምስክሮቹ ሲቀርቡ ደግሞ ማኅተሙን ቆልፈው ለሴሚናር ናዝሬት ስለሄዱ ዘጠኝ ቀን ጠበቅን።

፫ኛ/ ሲመለሱ እግርዎ ላይ ወድቄ ብለምንዎ፣ «አውሮፕላኑ እንደሆነ ፈጣን ነው፤ ምን አስቸኮላችሁ?» አሉኝ።

ወረቀቱ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ወጣ። አውሮፕላኑም እንዳሉት ፈጣን ነበር። ጫልቱ አስመራ ስትወርድ አስረስ ጥቁር ለብሶ ቆሟል። ቡዜ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። የክፍሉ በር በተከፈተ ቁጥር «እማዬ መጣች?» ትል እንደነበር አስታማሚዎቹ ነግረዋታል። ጫልቱ ይህን ለእኔ ያወጣችው ከተመለሰች ከሳምንት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአስመራ ይዛት የመጣችውን ሕፃን ታቅፋ ትውላለች።

ይህን በመጻፌ ሊያሳስሩኝ እንደሚችሉ አላጣሁትም። ነገር ግን በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረችኝ ቡዜ ናት፤ ያስተማረችኝን ለእሷ ካልጻፍኩበት ለማን ልጽፍበት ነው? አንዱን ቅጂ በማኅበሩ ሰሌዳ፣ ሁለተኛውን በወፍጮ ቤቱ በር ለጥፌያለሁ።

ከአብዮታዊ ሰላምታና ደጅ በመጥናት ከተማርኩት ትሕትና ጋር፣
ሮበሌ ዱጉማ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሕፃኗን እንድናስመዘግብ ጸሐፊዎ ቅጽ ልከውልናል፤ እናመሰግናለን። ሁሉንም ሞልተን «የእናት አድራሻ» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን እጃችን አልታዘዝ አለን። እሱን እርስዎ በገዛ እጅዎ ይሙሉልን።