ከቀዩ ኮት ሥር ያለው ጋቢ

ይድረስ ለእቴ አገኘሽ ብርሃነመስቀል
ደርባን

ውድ እቴ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃውን መውጣት አስቻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ተስፋጽዮንስ ሱቁን በሰላም ከፍቶ በሰላም ይዘጋል? ሰሊሆም ከትምህርቱ ጋር፣ ትንሿ ፅዮን ከአዲሱ ጥርሷ ጋር እንዴት ሆኑ? እዚያ ብርዱ የሚገባበት ጊዜ ነውና አንገትሽን ሸፍኚ። እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በሕይወት አለን። የኩልፎ ወንዝ ሞልቶ የሙዙን ዳር ዳር ወሰደ እንጂ ሰው አልነካም። አባባ ዓይኑ ቢደክምም ጆሮው አልደከመም፤ የእስክሪብቶውን ድምፅ ሰምቶ «ማሳጠር የሚባል ነገር መቼም አታውቅም» ብሎኛል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ በስልክ ስለምታቋርጪኝ ነው። ለዕረፍት የመጣው ምሥጋና ሐሙስ ወደ ደርባን ስለሚመለስ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ለእማዬ ሰባተኛ ሙት ዓመት ፎቶዋን ላክልኝ፣ የተኳኳለውን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን፣ ብለሽኝ ነበር። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩሽ። ፎቶ ስቱዲዮውን አብረን በያዝንበት ዘመን፣ ካሜራው ውስጥ ያለውን ፎቶ ለሚቀጥለው ደንበኛ ቦታ ለመልቀቅ እናጠፋው ነበር። ያን ጊዜ «ግድ የለም፣ ዋናው ከሥር አለ» የምትዪው አንቺ ነበርሽ፤ እውነትሽንም ነበር። በፎቶ ማቀናበሪያው ሶፍትዌር ፋይል ውስጥ ሥራው በሌየር በሌየር ተደራርቦ ይቀመጣል። ከታች ሰውየው ራሱ እንደመጣ፣ በላዩ ያቀላነው ፊት፣ በላዩ ያለበስነው ልብስ፣ ከጀርባው የለጠፍነው ፏፏቴ። ላይ ላዩን ገፈን መውረድ እስከቻልን ድረስ የጠፋ ነገር አልነበረም።

ከአራት ሺህ በላይ የሆኑትን ፋይሎችም ሁለት ዲስክ ላይ ገልብጫቸው ነበር። መገልበጥ ማዳን መስሎኝ። ባለፈው ወር የእማዬን በአዲሱ ኮምፒውተር ስከፍት፣ አዲሱ ሶፍትዌር የሚያነበው የላዩን ብቻ ሆነ። የተኳኳለችው እማዬ ፈገግ ብላ አየችኝ፤ ከሥሯ ምንም የለም። ሌላውንም ሌላውንም ሞከርኩ፣ ያው ነው። ኮምፒውተር የሚጠግነውን ፋኑኤልን ጠየቅኩት። የድሮው ማቀናበሪያ መሠራቱ ከቀረ ቆይቷል፣ ሌየሮቹን የሚያነበው እሱ ብቻ ነው፣ እሱ የተጫነበትን አሮጌ ኮምፒውተር ካላስነሳህ መንገድ የለህም አለኝ።

አሮጌውን ከዕቃ ቤት፣ ከተራገፉ ጎማዎች ሥር አወጣነው። ለአፍታ ስናበራው ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ፋኑኤል ጆሮውን አስጠግቶ፣ «ይሄ እያጣጣረ ነው፤ አንዴ ይነሳ ይሆናል፣ ሁለተኛ ግን አልምልልህም» አለ። መብራት የሚረጋጋው ጠዋት ስለሆነ ለቅዳሜ ጠዋት ቀጠርን። ቀጠሮው የእማዬ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ጋሽ ኤርጫፎ፣ ሸማኔው፣ ከገረሴ ወረዱ። የባለቤታቸውን የወይዘሮ ሊሻንን ፎቶ አንቺ ነሽ የሠራሽው። ወይዘሮ ሊሻን አርፈዋል፤ እሑድ አርባቸው ነበር። ጋሽ ኤርጫፎ ያኔ የሰጠናቸውን ፎቶ ከብብታቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣ «ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ቆንጆ ናት፤ የማን ሚስት ናት?» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ፊታቸውን አቅልተን፣ የጉንጫቸውን ጠባሳ አጥፍተን፣ ቀይ ኮት አልብሰናቸዋል። ከኮቱ ሥር የነበረው ጋሽ ኤርጫፎ ለሠርጋቸው የሸመኑላቸው ጋቢ ነው። እሱንም አብረው ቀብረውታል። «ያኔ የከተማ ሰው ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ። እሑድ ግን ይቺን ባቆም፣ ለቀስተኛው ማንን ብሎ ያልቅስ?» አሉ።

ለአባባ ነገርኩት። «የሰውየው እሑድ ነው። የኛዋ ትጠብቃለች፤ እኛን ስትጠብቅ የኖረች ናት» አለ። አንቺን ልጠይቅ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እምቢ ብትዪኝ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ ብዬ ነው። ይህን ይቅር በይኝ።

ቅዳሜ ኮምፒውተሩ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ፈጀ። ጋሽ ኤርጫፎን ቁጭ ይበሉ ብንላቸው «ስትመጣ ቆሜ ነው የምቀበላት» አሉ። ፋይሉ ተከፈተ፤ ሌየሮቹ ሁሉ አሉ። ፏፏቴውን አነሳሁ። ኮቱን ስነካ ግን ስክሪኑ ደርቆ ቀረ፤ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ዝም። ፋኑኤል እጄን ያዘ፤ «እንዳትነካው!» አለ። ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። በድንገት ኮቱ ጠፋና ጋቢው ወጣ፣ ቀይና ቢጫና ጥቁር ጥለቱ እንዳለ። ቀጥሎ ፊታቸው ከነጠባሳው። ጋሽ ኤርጫፎ ጣታቸውን ጥለቱ ላይ አኑረው፣ «እዚህ ጋ ክር ተሳስቼ ነበር። አይታ ስትስቅብኝ ኖረች» አሉ።

ማንኛውም ኮምፒውተርና ስልክ በሚያነበው ተራ ፎቶ አድርጌ ፍላሽ ላይ አወረድኩት። ወዲያው የእማዬን ከፈትኩ። ግማሽ ላይ ሳይደርስ ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ትናንት ገረሴ ነበርኩ። ሴቶቹ ፎቶውን ሲያዩ የወይዘሮ ሊሻንን ስም እየጠሩ አለቀሱ። አጠገባቸው ቆሜ የማስበው አንቺን ነበር።

እቴ፣ የእማዬ ፋይል አልጠፋም፤ በሁለቱም ዲስክ ላይ አለ። የጎደለን የሚያነበው ነው። ስትሄጂ መዝሙሮችሽን የያዝሽበት ጥቁር የሲዲ ቦርሳ አለ፤ መጨረሻው ኪስ ውስጥ በአንቺ እጅ «የስቱዲዮ፣ እንዳይነካ» ተብሎ የተጻፈበት ሲዲ ሊኖር ይችላል። የድሮውን ማቀናበሪያ የጫንነው በሱ ነው። እሱ ከተገኘ ፋኑኤል የሚስማማው አሮጌ ኮምፒውተር ፈልጎ ይጭነዋል፤ ያኔ ከእማዬ ጀምሬ ሁሉንም አንድ በአንድ ወደ ተራ ፎቶ አወርዳለሁ። ከአሁን በኋላ የማነሳውን ሁሉ ሳልነካው ለብቻ አስቀምጣለሁ፤ ቦታ ይፍጅ።

ለተስፋጽዮን፣ ሱቁን ገና ሳይመሽ እንዲዘጋ አባባ አደራ ብሏል። ሰሊሆምን አጎትህ በቁመት በልጠኸኝ እንደሆነ ይጠይቃል በዪልኝ፤ ፅዮንን ጥርሷ እስኪታይ አስቂልኝ። አባባ ግንባርሽን ይስማል።

ሲዲውን ካገኘሽው ለሚመጣ ሰው ስጪልኝ። ካጣሽው ግን ደውይና የፈለግሽውን ተናገሪኝ፤ እኔ አላቋርጥሽም።

ታናሽ ወንድምሽ
በዛብህ ብርሃነመስቀል
አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.