ሦስት አንድ ዓይነት ጠገራ

ወረታ፣ ጳጉሜን

አብሮ አደጌ፣

ክረምቱን እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ፣ ቤትሽ፣ ጓሮሽ ደህና ነው ወይ? እናትሽ ዛሬም በሕይወት እንዳሉና ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ሰምቻለሁ፤ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ከማን ሰማሽ ትዪኝ ይሆናል፤ እደርስበታለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። ርብ ዘንድሮም ሞልቶ ሜዳውን አልብሶታል። ገበሬው ለሩዙ ደስ ይለዋል፣ ለከብቱ ግጦሽ አጥቶ ይተክዛል። እኔ ደግሞ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ደብዳቤ ስጀምረውና ስተወው ሰነበትኩ። ሁለት መስመር እጽፍና ተነሥቼ ውኃው የት እንደደረሰ አያለሁ፤ ተመልሼ የጻፍኩትን አነብና እቀደዋለሁ።

ስልክሽም በእጄ አለ። አንድ ቀን ደውዬ ገና ሳይጠራ ዘጋሁት። ከሃያ ዓመት በላይ ያልሰማሁትን ድምፅ ድንገት ብሰማ ምን እንደምል አላውቅም። ወረቀት ይሻላል፤ በወረቀት ሲሆን ሰው ቃሉ ሲያንቀው ተነሥቶ፣ ዞር ዞር ብሎ ይመለሳል።

ሠርጌ ሳምንት ሲቀረው ነበር የሄድሽው። ሚዜዬ ነበርሽ፤ ቀሚስሽ ተሰፍቶ አልቆ ነበር። አክስትሽ ቤት ብመጣ፣ ወደ አባቷ ወደ ታደለ ዘንድ አንበሳሜ ሄዳለች አሉኝ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። እኔም አኩርፌ አልጠየቅሁም። አንበሳሜ ሩቅ አገር ሆኖ አይደለም፤ ኩርፊያዬ ነው ያራቀው።

ባለቤቴ የኋላሸት ደህና ነው። ሸብቷል፣ ዝምታው ግን ያው ነው። ከተማው ዳር የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ አቁመናል፤ አዝመራው ሲገባ ሰው ይሰለፍልናል፣ በክረምት ግን ሥራ የለም። ልጅ አልሰጠንም። ስለት ይዤ ጣራ ገዳም ስመላለስ ወጣትነቴ አለቀ። እሱ በዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ ቃል ወርውሮብኝ አያውቅም። ይህን የምጽፍልሽ እንድታውቂው ብዬ ነው።

ካቻምና ጎርፉ ከሸሸ በኋላ አንድ ገበሬ ከማሳው ያገኛትን ጠገራ ብር ይዞ ወፍጮ ቤታችን መጣ። የኋላሸት ገዛትና እውነተኛ መሆኗን ሊያስመረምር ባሕር ዳር ወሰዳት። እዚያ የጥንት ሳንቲም እንዲሸጥ መንግሥት ፈቃድ የሰጠው ሱቅ አለ። እያንዳንዱን ሳንቲም መርምረው፣ መስተዋት በመሰለ ሳጥን ከትተው፣ ከማረጋገጫ ጋር ነው የሚሸጡት። የዚያን ዕለት ሲመለስ ምግብ አልቀመሰም። ጠገራዋ ሐሰተኛ ሆነች ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ደህና ናት አለኝ። በወሩ ተመልሶ ሄዶ ሌላ ጠገራ ገዝቶ መጣ። በሚቀጥለውም ወር ሄደ። መንገዱ ሲዘጋ በር በሩን እያየ ይንቆራጠጥና በተከፈተ ማግሥት የመጀመሪያው ተሳፋሪ እሱ ነው።

መጀመሪያ ወደድኩለት። የሰው ባል ይጠጣል፣ የኔው ብር ይሰበስባል አልኩ። ኋላ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ያመጣቸውን አያያቸውም። ከነሳጥናቸው ከብሎንና ከሚስማር ጋር በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይጥላቸውና ይረሳቸዋል። ዘንድሮ በሰኔ ደግሞ እናቴ ለጎጆ መውጫ ከሰጠችኝ ላም ዘር የቀረችኝን ጊደር ሸጣት። የወፍጮው ሞተር ተበላሽቶ ነበርና ለእሱ ማሳደሻ መስሎኝ ዝም አልኩ። በሳምንቱ ከባሕር ዳር አንድ ጠገራ ይዞ ገባ። ሞተሩ እስከ ዛሬ እንደተፈታ ነው።

ያን ጊዜ ጣሳውን በነጠላዬ ሸፍኜ ኢሳቅ ዘንድ ሄድኩ። ኢሳቅን ታስታውሺው ይሆናል፤ ገበያው አፍ ላይ ጨርቅ የሚሸጠው ነው። ከአያቱ ጀምሮ ጠገራ የሚያውቅ ቤት ነው፤ እሱም ለራሱ የድሮ ብር ይሰበስባል። አንድ በአንድ እያወጣ በጨርቁ ላይ ደረደራቸው። የተገዙበትን ስነግረው ዓይኑ ፈጠጠ።

«እህቴ፣ አባወራሽ ተበልቷል» አለኝ። «እኔ የዚህን አምሳያ ግማሽ በማይሞላ ዋጋ ነው የገዛሁ። ሌቦች ናቸው አልልሽም፤ ኪራይ አለባቸው፣ ግብር አለባቸው፣ መርማሪ ይከፍላሉ። ቢሆንም ብሩን ብቻ አይደለም የሸጡለት፣ ሳጥኑንም ነው።»

ከዚያ ሦስቱን ለብቻ ለየና ሲያገላብጣቸው ቆየ። እነዚህ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ዘመናቸውም ምልክታቸውም አንድ ነው አለኝ። «ሰብሳቢ ሰው የሌለውን ነው የሚያሳድድ። ያለውን ሦስት ጊዜ የሚገዛ ሰብሳቢ አላየሁም።» ፈቃድ ለሰጣቸው ቢሮ አቤት ብል ገንዘቡ ሊመለስ እንደሚችልም መከረኝ።

የኋላሸትን ጠየቅሁት። ዋጋው ልክ ነው አለ። ሦስቱ ለምን አንድ ዓይነት ሆኑ ስለው፣ ይለያያሉ አለኝ፤ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው።

እዚህ ላይ ስደርስ ትናንት ተነሥቼ ሄድኩ። ዛሬ ልጨርሰው ነው።

አንዷን ጠገራ በመቀነቴ ቋጥሬ፣ ገበያ እሄዳለሁ ብዬ ባሕር ዳር ሄድኩ። ሐሙሲት እስክንደርስ የምናገረውን በልቤ ስደረድር ነበር። እናንተ በመንግሥት ስም የሰው ጊደር ትበላላችሁ፣ ልል ነበር። ሱቁ ስገባ ከመስተዋቱ ሳጥን ኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች። «ይግቡ እናቴ፣ ዝናቡ መታዎት» ብላ ወንበር ሳበችልኝ።

ጠገራዋን ከፊቷ አኑሬ፣ ይህን ከእናንተ የገዛው የወረታ ሰው ዘመዴ ነው፣ አገራችን ግማሽ በማይሞላ ዋጋ ይገኛል፣ ለምን እንዲህ አደረጋችሁት አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ፊቷ በራ።

«የጋሼ የኋላሸት ዘመድ ነዎት?» አለችኝ። ቀጥላም እውነቱን ነገረችኝ። «ውድ ነው፣ እናቴ። ዋጋውን እኔ አልቆርጠውም፣ ከላይ ተቆርጦ ነው የሚመጣ። እኛ የሸጥነው ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡ ይመለሳል፤ ከሰው እጅ የገዛ ግን ቢታለል የሚመልስለት የለም። ለዚህ ሲባል ትንሽ ቢጨመር ደህና ነበር፤ እጥፍ መሆኑ ግን እኔንም ያሳፍረኛል። ለእሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ።»

ምን አሉሽ አልኳት።

«እኔ ከዚህ ነው የምገዛ አሉኝ። አንዱን ሲደግሙትም፣ ይኸኛው አለዎት እኮ ብያቸው ነበር። ግድ የለሽም፣ ጠቅልይልኝ አሉ።»

የማታ ትምህርቷን እንደሚጠይቃት፣ በጥር ሩዝ ተሸክሞ እንዳመጣላት፣ ገዝቶ ሲጨርስ ሳይሄድ ትንሽ እንደሚቀመጥ ነገረችኝ። ልጅ የሌላቸው ይመስለኛል፣ ያሳዝኑኛል አለችኝ። ለእኔ ነው የምትነግረኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ ጠገራዋን ልታሳየኝ አንሥታ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። አንገቷን ወደ ግራ ሰበር፣ አንድ ዓይኗን ጨፈን አደረገች። አንቺዋ፣ ርብ ወርደን ስንመለስ እንስራሽን አውርደሽ፣ አንገትሽን ወደ ግራ ሰብረሽ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ በሳቅ ስትገድይን የነበረው ማንን አስመስለሽ ነው? የኋላሸት ዛሬም የሞተሩን ብሎን ሲያይ እንዲያ ነው የሚያደርገው።

ስሟን ጠየቅኋት። ውዳሴ ታደለ አለችኝ። የት አገር ታደለ አልኳት። «የአንበሳሜው። አያቴ ናቸው፤ እናቴ በእሳቸው ስም ነው ያሳደገችኝ» አለች፣ ብዙ ጊዜ ተጠይቃ እንደለመደችው በሚያስታውቅ አኳኋን። ዕድሜዋን አልጠየቅኋትም። ከሠርጌ ወዲህ ያሉትን ዓመታት እኔ ራሴ አውቃቸዋለሁ።

ከእናትሽ ጋር አብሮ አደግ ነን ስላት ከወንበሯ ተነሥታ ጉልበቴን ልትስም ቃጣት። ስልክሽን የሰጠችኝ እሷ ናት፤ ስለ እናትሽ ጉልበትም የነገረችኝ እሷ ናት። ስለ የኋላሸት ግን ዘመዴ ነው ከማለት በቀር ሌላ አልነገርኳትም።

ልወጣ ስል፣ ገንዘቡ እንዲመለስ ከፈለጉ አቤቱታ ያስገቡ፣ ውድ መሆኑን ነግሬያቸው እንደነበር እኔ እመሰክራለሁ አለችኝ። ከሥራሽ ቢያስወጡሽስ ብላት፣ ፈገግ ብላ፣ ከእኔ በፊት የነበረችውም ስለ ዋጋ ተናግራ ነው የወጣችው አለችኝ።

ለአንቺ አልዋሽም። መናኸሪያው እስክደርስ ያ አቤቱታ ጣፈጠኝ። አንድ ፊርማ ነው፤ ልጅቱ ከዚያ ሱቅ ትወጣለች፣ የኋላሸትም የሚሄድበት ያጣል፣ ቤቴ እንደነበረው ይሆናል። መኪናው ሞልቶ ሊንቀሳቀስ ሲል፣ ወንበር የሳበችልኝ ነገር መጣብኝና ወራጅ አለ አልኩ። ረዳቱ ተሳደበ። በዝናብ ተመልሼ ሱቁ ስገባ ልትዘጋ ቁልፍ ይዛ ነበር። ርካሹን አሳዪኝ አልኳት። አንዲት የመዳብ ቤሳ አወጣችልኝ። ቤሳ ቤስቲን የለኝም እያልን ያደግንባትን ቤሳ ያን ቀን ነው በዓይኔ ያየኋት። ዋጋዋን ስሰማ ደነገጥኩ። «ይኸም ውድ ነው እናቴ፣ ይተዉት» አለችኝ። አልተከራከርኩም። መቀነቴን ፈትቼ ከፈልኩ።

ቤት ስደርስ የኋላሸት ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆሟል። ቤሳዋን መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ሳጥኑን አወቀው። ከማን ገዛሽ አለኝ። ከራሷ አልኩት። እኔ የምጠብቀው ሌላ ነገር ነበር፤ መሐላ ወይም ውሸት ወይም ይቅርታ። እሱ ግን፣ «ሳል ይዟት ነበር፤ ተሻላት?» አለኝ።

ስትስል አልሰማሁም አልኩት። መዳፉን ጨብጦ ባዶ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በየቀኑ እናገራለሁ ብዬ እነሣለሁ፤ ሳልናገር ይመሻል።

ኢሳቅ ሰሞኑን አግኝቶኝ፣ አቤት አልሽ ወይ አለኝ። ተውኩት አልኩት። አልተበላም ነው የምትዪኝ አለ። ዋጋውን ዐውቆ ነው የከፈለ አልኩት። ኢሳቅ ደግ ሰው ነው፣ አልገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም።

አንቺን የምጠይቅሽ ነበረኝ። ጽፌው ቀደድኩት። ሚዜዬ መሆንን ንቃ ሄደች እያልኩ ይህን ሁሉ ዓመት አኩርፌሻለሁ፤ ያንን ኩርፊያ ዛሬ አንሥቼልሻለሁ። የቀረው ጥያቄ መልሱ የሚገባው ለእኔ ሳይሆን ለሌላ ሰው ይመስለኛል። ለውዳሴ አልተነፈስኩም፣ አልተነፍስም። ቃሉ የአንቺ ነው።

መስቀል ሲሆን መንገዱ ክፍት ከሆነ ወረታ ነይ። ብቻሽን ብትመጪ ቤትሽ ነው። ሰው አስከትለሽ ብትመጪም ቤቴ አይጠብም። እኔ እንግዳ ስቀበል ፊቴ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፤ ቢጠቁርብሽ ቻዪኝ፣ እስክለምድ ነው። ብቻ አትቆዪ። ከእንግዲህ የምንሸጠው ጊደር የለንም፤ የኋላሸት ግን መሄዱን አይተውም።

የእናትሽን ጉልበት ያበርታልሽ። አዲሱ ዓመት መሶብሽን በእንጀራ፣ ደጃፍሽን በሰላም ይሙላልሽ። ያሳደግሻት ትባረክ፤ ደግ አድርገሽ አሳድገሻታል።

አብሮ አደግሽ