ያሰርከው ገመድ

ውድ አብዱሰላም፣

ስለ ጤናህ ጠይቄ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን ጤናህን የነሳሁህ ሰው ሆኜ መጠየቁ አሳፈረኝ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ የሎጊያ መስመር ሹፌር ነው። በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ድምፅህን ስሰማ ወሬውን ወደ ፓምፕ መለስኩት።

የዚያን ቀን ገመዱን አስረህ ነበር።

ከመነሻው ልንገርህ። ግማሹን ታውቀዋለህ፤ ግማሹን ግን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ሰንበቴ ገበያ የከብት ገንዳ ሆኖ ያገኘነውን ያንን ጄት ስኪ፣ በውሃ ላይ የሚነዳውን ሞተር፣ ታስታውሳለህ? ላሞች ሆዱ ውስጥ አፋቸውን ነክረው ይጠጡ ነበር። እኔ ሳቅሁ። አንተ ግን ተንበርክከህ በስሩ አየህና፣ «እንድሪስ፣ ይሄ እኮ ፓምፕ ነው! ከታች ይስባል፣ በኋላ ይተፋል። የጨፋን ፓምፕ ሁሉ ስንጠግን ኖረን ይሄ ያቅተናል?» አልክ።

ከዚያ በኋላ የኛ ግቢ ለአንድ ዓመት ተኩል ጋራዥ ሆነ። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ናፍጣ ውስጥ ዘጠኝ ቀን ዘፈዘፍነው። ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለስክ። የተሰነጠቀውን ሆድ በፋይበር ደፈንነው። ነጂው ቆሞ የሚይዘው ክንድ ለቁመትህ አጠረብህና ቆርጠህ አስረዘምከው። ከሁሉም የሚበልጠው የፓምፑ ክንፍ ነበር፤ ከተጣለ የመስኖ ፓምፕ ላይ አውጥተህ በሞረድ እያሳነስክ ልክ አስገባኸው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት በሙያው ቆይቼ እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም። አላደነቅኩህም። «ይሠራ እንደሆን እናያለን» አልኩህ።

እህቴ ዓፊያ ግን አደነቀችህ። ሽማግሌ ከላክህ በኋላ አባቴ ፊት አፍራ ትቀመጥ ነበር፤ ማሽኑ አጠገብ ግን እፍረት አልነበራትም። ስትስቁ እሰማለሁ። ሰፈሩም ማሽኑን «የአብዱሰላም ጀልባ» ብሎ ስም አወጣለት። ግቢው የኔ፣ መፍቻው የኔ፣ ስሙ ያንተ። ይህ ነገር በየቀኑ ይበላኝ ነበር።

ጋዙ አንዳንዴ ተነክሶ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እየሮጠ እንደሚቀር ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ለዚህ ነው ያችን ቀይ ገመድ የተማመንንባት፤ አንዱ ጫፍ ከእጅህ አንጓ ይታሰራል፣ ስትወድቅ ሌላው ጫፍ ከማጥፊያው ይመዘዛል፣ ሞተሩ ቀጥ ይላል። ያ ማጥፊያ ግን እየተበላሸ ያለ ምክንያት ሞተሩን ያጠፋብን ነበር። የሙከራው ቀን ጠዋት አንተ ቤንዚን ፍለጋ ስትሄድ፣ እኔ የማጥፊያውን ሁለት ሽቦዎች ቆርጬ በቀጥታ አገናኘኋቸው። ከዚያ ወዲያ ገመዱ ታሰረም አልታሰረም ጌጥ ነው።

ስትመጣ ልነግርህ ነበር፤ ወላሂ ልነግርህ ነበር። የባጃጁ ልጅ ሸምሱ ግን በር ላይ ቆሞ፣ «የአብዱሰላም ጀልባ ዛሬ ነው አይደል የሚዋኘው?» አለኝ። አፌን ዘጋሁ። መሞትህን አልፈለግኩም። ወድቀህ፣ ማሽኑ ጥሎህ ሲሄድ፣ ከኋላው ስትዋኝ ሰው ሁሉ እንዲስቅብህ ነበር የፈለግኩት።

የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ጨፋ ሜዳ ላይ የተኛው ውሃ ዳር ስንት ሰው ነበር! ከብቱን ጥሎ የመጣ አለ። ገመዱን በእጅህ ላይ ሁለት ዙር አሰርክ። አይቻለሁ። ተነሳህ፣ ቆምክ፣ ሰው በጩኸት ቀለጠ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ወደቅክ። ገመዱ ተመዘዘ፤ ጋዙ እንደተነከሰ ነበር፤ ሞተሩ አልጠፋም። ማሽኑ ዞሮ ተመለሰና ፊትህን መታህ።

ሰዎች ወዳንተ ሲዘሉ እኔ መጀመሪያ የያዝኩት ማሽኑን ነው። ድንጋይ ላይ እንዳይሰበር።

ደሴ ሆስፒታል መንጋጋህ በሽቦ ታስሮ ተኝተህ፣ እናትህ እማማ መሪየም «እንዴት ሆነ?» ስትለኝ፣ አልጋህ አጠገብ ቆሜ «ገመዱን አላሰረም» አልኳት። መናገር አትችልም ነበር። በዓይንህ ብቻ አየኸኝ። ማስተባበል የፈለግክ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከሳምንታት በኋላ አፍህ ሲፈታ ግን የመጀመሪያው ቃልህ፣ «እንድሪስ፣ አፉ በለኝ፤ ማሽንህን አበላሸሁብህ» የሚል ነበር። ራስህን ከማመን እኔን አመንክ።

እኔም ምን አልኩህ? «አፉ ብያለሁ።» አልኩህ! ትከሻህንም መታ መታ አደረግኩህ።

አባቴ ስለ ጋብቻው ሲጠይቀኝ፣ «ለገዛ ራሱ ያልተጠነቀቀ ለሰው ልጅ አይጠነቀቅም» አልኩት። ዓፊያን ለአንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ሰጣት። አንተ ንግግርህ ተኮላትፎ፣ ሰው «ምን አልክ?» ሲልህ ሰልችቶህ አገር ለቀህ ሎጊያ ገባህ። እኔ ደህና እተኛ ነበር። ማሽኑን ጠገንኩት፤ ባለፈው ክረምት ነዳሁት፤ ሰውም አጨበጨበልኝ። ተመችቶኝ ነበር ብልህ ውሸት አይደለም።

የዘንድሮ ዒድ በስልክ የላክህልኝ ድምፅ ግን ሰላም ነሳኝ። ቃሉ አልገባ ብሎኝ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። «ገመዱን ያሰርኩ ይመስለኛል፤ ግን አንተ ካየህ ያንተ ልክ ነው» ነበር ያልከው።

ትናንት ከአስር ሶላት በኋላ እናትህ ዘንድ ሄድኩ። ማሽላ እያበጠረች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ሰፌዱን አስቀመጠች።

«አስሮ ነበር?»

«አስሮ ነበር።»

«ሁለት ዙር?»

«ሁለት ዙር።»

«ያ ረቢ! ኢልማ ኮ! ልጄን እኮ ‹በገዛ እጅህ ያመጣኸው ነው› ብዬ ነው የሸኘሁት። ሲሄድ እንኳ አልመረቅኩትም።» ከዚያ እኔን አላየችኝም። በሩን እያሳየች፣ «ጻፍለት። እኔ ከመናገሬ በፊት ከአንተ እጅ ይወቀው። ከዚያ ደጄን አትርገጥ» አለችኝ።

ለዓፊያም ነግሬያታለሁ። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ብላ ልጇን አዝላ ወጣች።

አፉ በለኝ አልልህም። ያን ቃል ከአንተ ሰርቄ ጨርሼዋለሁ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ ደጅ፣ በዚያ ቀን ውሃው ዳር የነበሩት ባሉበት ይህንኑ እናገራለሁ፤ ከዚያ የሚሆነውን እቀበላለሁ።

ጎረቤቶች እንደነገሩኝ እናትህ ስልኩን ከጠዋት ጀምሮ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ትጠብቅሃለች። ይህ ሲደርስህ ለእሷ ደውል። ለእኔ አትደውል።

እንድሪስ
ከሚሴ